ለአማቴ አንገት የተነጠፈ ጭድ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ ያገሬ ሰዎች። እኔ ግን አፌ የሚነቅዝ ይመስል ዘወትር አናፍሰዋለሁ። ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረገኝም እሱው ነው።

ነገሩ የጀመረው በወሩ ጽዋ ማኅበራችን፣ በማኅበሩ ሙሴ፣ በሰብሳቢያችን ቤት ነው። ጠላው የደረሰ ነበር፤ የደረሰ ጠላ ደግሞ ሰውን ሁሉ ሊቅ ያደርጋል። ጨዋታው ስለ ጥምቀት ጉግስ ሆነ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ፈረሱ አዳልጦት ከነፈረሱ ወድቆ፣ ቅልጥሙ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ቤት ከርሞ ነበርና አንዱ ፈረሱን ያማል፤ አንዱ ጋላቢውን ያማል፤ ሌላው «የሰው ዓይን ነው» ይላል። እኔ ብድግ አልሁ። ድሮም መቀመጥ አልችልም፤ ባለቤቴ ስንዱ «ቁንጫ የገባበት ሰው እንኳ ካንተ ይረጋል» ትለኛለች።

«ችግሩ ከፈረሱም አይደለም፤ ከሰውም አይደለም። ከመሬቱ ነው!» አልሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰው ጸጥ ሲልልኝ ደግሞ አይሆንልኝም፤ ቀጠልሁ። በስልኬ ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት። በሠለጠነው ዓለም ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ እንደ አልጋ እንደሚነጠፍ፣ ከሥር ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር፣ ከላይ የተመረጠ አሸዋ፣ ከአሸዋው ጋር የጨርቅ ብጣሽ እንደሚደባለቅ፣ ፈረሱ ሲረግጠው እንደማያዳልጠው፣ እንደማያሰምጠው፣ እግሩንም እንደማይነርተው ተናገርሁ። «እዚያ አገር ከፈረስ የወደቀ ሰው እንደ ተኛ ነው የሚቆጠር» ብዬ አሳረግሁ። ይህችን እንኳ በስልኬም አላየኋትም፤ ጠላው ነው የጨመረልኝ።

ሙሴው ዋንጫቸውን አስቀመጡና «እንግዲያ አንተ እያለህ ማን ይሠራዋል? የዘንድሮውን ሜዳ አንተ አዘጋጀው» አሉ። ተጨበጨበ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ግን አማቴ አያ አላምረው እዚያው ተቀምጠው ነበር። የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ከጉና ግርጌ ካለው ቀያቸው በዳማ ፈረሳቸው ሊጠይቁን መጥተው ሰንብተዋል። ጉልበታቸው ከደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል፤ መሬት ላይ ሲሄዱ ምርኩዝ ይፈልጋሉ። ዳማው ላይ ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጉግስ መጫወት የተዉት ልጃቸው አልቅሳ፣ ለምና፣ መጨረሻም ሽማግሌ ልካባቸው ነው። የተዉት ደግሞ በክፉ ሰዓት ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ እኩያቸው አያ ጫኔ እያሳደዱ፣ አማቴ በጋሻቸው ሳይመክቱት፣ በዘንግ ጀርባቸውን አግኝተዋቸዋል። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ አያ ጫኔ ገበያ ላይ ባገኟቸው ቁጥር ሰላምታቸው «አላምረው፣ ጀርባህን እንዴት አደረገህ?» ነው።

አማቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «መሬቱ እንዲህ የሚለሰልስ ከሆነማ፣ እኔም ዘንድሮ አንድ ጊዜ ልጫወት። ከጫኔ ጋር ያልጨረስነው ነገር አለ» አሉ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ስንዱ አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ እወዳለሁ፤ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው የምፈራት።

«አባቴን ከጉግስ ፈረስ ያወረድኋቸው ስንት አልቅሼ ነው» አለች። «አንተ በአንድ ዋንጫ ጠላ መልሰህ ሰቀልኻቸው። አሁን ተው ብላቸው አይሰሙኝም። እንግዲህ ስማኝ። አባቴ ወድቀው አንዲት አጥንታቸው ብትነቃነቅ፣ በዚህ በር አትገባም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር አጣሁ። የረገጥሁትን መሬት ሁሉ በተረከዜ መነረት ጀመርሁ። ቢሮ ውስጥ አለቃዬ እያናገሩኝ ወለሉን እነርታለሁ። አውራ ጎዳና ዳር ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አፈሩን እነርታለሁ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳይታወቀኝ ስረግጥ አጠገቤ የቆሙ አሮጊት ክንዴን ያዝ አደረጉኝና «ልጄ፣ አለብህ መሰለኝ። ጣራ ገዳም ውጣና አባቶች ይጸልዩልህ» አሉኝ። «እማማ፣ ያለብኝ አማት ነው» ማለት አልቻልሁም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ በሌላው እግሬ ቀጠልሁ።

ሜዳውን ሄጄ አየሁት። በክረምት ጭቃ፣ በጥር ድንጋይ የሆነ ሜዳ ነው፤ ተረከዜን መልሶ ነረተኝ። በዓይን ብቻ አይፈረድም ብዬ ከጓዳ አንድ ዱባ ይዤ ተመለስሁ። መጠኑ ከአማቴ ራስ ጋር፣ ከነጥምጣማቸው፣ አንድ ነው። የፈረስ ቁመት የሚያህል ቋጥኝ ላይ ወጣሁና ለቀቅሁት። ዱባው ለሁለት ተከፈለ። ፍሬው ሲበተን ዓይኔን ጨፈንሁ።

ደግነቱ የገና ጾም ነበርና ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ዱባ ወጥ ሳይበላ የዋለበት ቀን የለም። ስንዱ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር፤ ዱባ ገዝቼ ስገባ «ዛሬስ ቤቱን አሰበ» ትላለች። በኋላ አንዲት ጎረቤት ምን እንደማደርግ ነገረቻት። ወጡን ፊቴ እያስቀመጠች «ብላ፤ የአባቴ ራስ ነው» አለችኝ። እንዴት ይዋጣል?

በመጀመሪያ የመረጥሁት አሸዋ ነው። ማኅበሩ አዋጥቶ ከርብ ወንዝ አንድ ገልባጭ መኪና አሸዋ አስመጣልኝ። ጥቂቱን ዘርግቼ ዱባውን ለቀቅሁት፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። አንሥቼ ሳምሁት። ዱባ ስስም የሚያዩኝ ሰዎች እንዳሉ አላስተዋልሁም፤ ብቻ በማግሥቱ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ቀነሰ። እሱስ ባልከፋ። በማግሥቱ አሸዋውም ቀንሷል። በሦስተኛው ቀን ስሄድ መኪናው አራግፎት የሄደበት ቦታ ላይ አንድ ተረስቶ የቀረ አካፋ ብቻ አገኘሁ። ሌባውን አልፈለግሁም። በሰፈራችን በዚያ ሳምንት ግድግዳውን ያላስለሰነ ሰው አልነበረማ! አንዱ ጎረቤቴ እንዲያውም ጠርቶ «ና እስቲ ልስኑን እየው፤ አንተ መሬት ታውቃለህ» አለኝ።

ሁለተኛው ሰጋቱራ ነው። ገበያው ዳር ወዳለው ወደ ሰይድ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድሁ። ሰይድ ሥራውን ሳያቋርጥ «ለምንህ ነው?» አለኝ።

«ለአማቴ ራስ።»

መጋዙን አስቀመጠ። «ኢና ሊላሂ! አያ አላምረው? መቼ? ትናንት በዳማው ሲያልፉ አይቻቸው!»

«ኧረ ምንም አልሆኑም! ምንም እንዳይሆኑ ነው።»

ሰይድ «ወላሂ፣ ውሰደው። ሁሉንም ውሰደው» አለኝ። ከመጥረግ የዳነ ሰው ሳይሆን፣ እብድን በቶሎ ለመሸኘት የፈለገ ሰው አነጋገር ነበር።

በጆንያ በጆንያ በባጃጅ አመላለስሁት። ሜዳው እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ዱባው ወድቆ ነጠረ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በደስታ ራሴም ከቋጥኙ ወደቅሁበት፤ ምንም አልሆንሁም። ደግሜ ወደቅሁ። ሦስተኛዬን ልወድቅ ስዘጋጅ የጉና ነፋስ ተነሣ።

ከሜዳው ማዶ ያን ሰዓት አንድ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሟቹ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አገር በሙሉ በነገረኛነታቸው የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ፤ ለቀስተኛው የመጣው ለይሉኝታ እንጂ እንባ ይዞ አልነበረም። ሰጋቱራዬ ተነሥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ሄዶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ ደብረ ታቦር አይታ አታውቅም። ዓይኑን የማያብስ፣ አፍንጫውን የማይናፈጥ ሰው ጠፋ። ሲያስነጥሳቸው ሲቃ የያዛቸው ይመስላል። የሟች ልጅ በኋላ አግኝቶኝ «አባቴ ይህን ያህል እንደሚወደድ አላውቅም ነበር» ሲለኝ፣ እኔም ዓይኔን አበስሁ። ሜዳው ላይ ግን አንድ እፍኝ ሰጋቱራ አልቀረም።

ጥምቀት እየቀረበ ነው። አማቴ በየማለዳው ዳማውን ያሻሉ፤ ጋሻቸውን ይወለውላሉ፤ ወጣትነታቸው ከቀን ወደ ቀን እየተመለሰ ነው። ስንዱ እሳቸውን ታያለች፤ ከዚያ እኔን ታያለች፤ ከዚያ በሩን ታያለች። እኔ ደግሞ መሬት መሬቱን አያለሁ።

እንዲህ ስቅበጠበጥ ነው የአክስቴ ልጅ ደሴ በሬዎቹን ነድቶ ሲያልፍ ያየሁት። ምን አሸዋ፣ ምን ሰጋቱራ! መሬት የሚለሰልሰው ሲታረስ አይደለም እንዴ? «ደሴ፣ በሬዎችህን ጥመድ!» አልሁት። ወዴት፣ ለምን ሳይል ጠመደ፤ ዘመድ ነዋ።

እናንተ ያገሬ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርስ ራሳችሁን እንደምትይዙ አውቃለሁ። በኛ አገር የሰው ሚስት ብታይ በሽማግሌ ያልቅ ይሆናል። የወል መሬት ላይ ማረሻ ማሳረፍ ግን «የኔ ነው» ማለት ነው። ያውም የጥምቀት ሜዳ! ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ያን ሰሞን ጭንቅላቴ ውስጥ የአማቴ አንገት እንጂ ሌላ ነገር ቦታ አልነበረውም።

ደሴ ሁለት ትልም እንዳወጣ ከወንዝ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት እንስራዋን አወረደችና «ኡኡ! የታቦት ማደሪያው ታረሰ!» አለች። ሰው ከየት እንደመጣ እንጃ። ዱላ የያዘ፣ ገጀራ የያዘ፣ ከምሳው ተነሥቶ እጁን ያልታጠበ፣ የቀበሌ ሚሊሻ ከነጠመንጃው ደረሰ። ደሴ ሞፈሩን ለቆ «እኔ የለሁበትም፤ የሱ ነው!» ብሎ በሬዎቹን ትቶ ሸሸ። «ለፈረስ ነው! እንዳያዳልጥ ነው!» እያልሁ ብጮህ ማን ይስማኝ? አንዱማ «ካረሳችሁትስ ይህ የአያቴ ርስት ነበር» ብሎ ተነሣ። ሌላው «የአያትህ? የኔ ቅድመ አያት ያቀናው ነው!» አለ። ከሰዓት በኋላ እኔ ተረስቼ የሁለቱ ዘመዶች ተቧድነው ዱላ ተማዘዙ። ሙሴው ደርሰው በ«ስለ መስቀሉ»፣ በልመና፣ በ«ስለ ጥምቀቱ» ገላገሉን። እኔም ተፈረደብኝ፤ ሜዳውን እንደነበረ እንድመልስ።

የታረሰ መሬት እንደነበረ የሚመለሰው በማን ነው? ውርጭና ፀሐይ ተባብረው ትልሙን ጓል በጓል አደረጉት። ድሮ ድንጋይ የነበረው ሜዳ አሁን ስለታም ድንጋይ ሆነ። ዱባ ይዤ ለመሄድ እንኳ ድፍረት አጣሁ።

የከተራ ዕለት አማራጭ አልቆብኝ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ የጤፍ ጭድ። ለስላሳ ነው፤ ጓሉን ይሸፍናል፤ ውሃ አርከፍክፈህ ብትረግጠው ነፋስም አያነሣውም። አገር ምድሩን ዞሬ ለመንሁ። በጥምቀት ማለዳ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር እንደ ወርቅ ምንጣፍ ሆነ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ለበዓሉ ያነጠፍሁት መስሎት «ቄጠማ ቢያጣ ጭድ አነጠፈ፤ ጎሽ!» ይለኛል። ሙሴው መረቁኝ። እኔም ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አልሁ።

ታቦታቱ በእልልታ ተሸኝተው ገቡ፤ ሜዳው ለፈረሰኛ ተለቀቀ። አማቴ ጋሻቸውን በግራ፣ ዘንጋቸውን በቀኝ ይዘው ዳማው ላይ ሲወጡ ሴቶቹ እልል አሉ። ከማዶ አያ ጫኔ በአምባላይ ፈረሳቸው ተሰለፉ። ተለቀቁ። ከዚህም ከዚያም ፈረሱ ሁሉ ወደ መሐል ተንደረደረ። መሐል ሲደርሱ ግን ኮቴ ሁሉ ጸጥ አለ።

የጉግስ ፈረስ ሆዱ እንዳይከብደው ከዋዜማው ጀምሮ እንደማይበላ ዘንግቼዋለሁ። ፈረስ ጭድ እንደሚበላ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዴት ይዘነጋል? እኔ ዘንግቼዋለሁ! ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ። ዳማውና የአያ ጫኔ አምባላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው አንድ ክምር ይካፈላሉ። ባለጋሻዎቹ ከላይ ዘንግ እንደያዙ ይተያያሉ። ልጓም ቢጎትቱ፣ ቢኮረኩሩ፣ ቢለምኑ ማን ሰምቷቸው! ከሕዝቡ መሐል አንዱ «መልካም ምሳ!» አለ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ልስቅ ነበር። አንገታቸው ደኅና ነው፤ የቤቴም በር ክፍት ነው። ከዚያ የአማቴን ፊት አየሁት። አልተቆጡም። ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለዋል። ይህን ቀን ምን ያህል እንደጠበቁት የገባኝ ያኔ ነው። ወድቀው ቢሆን እንዲህ ባላፈሩ።

አያ ጫኔ «አላምረው፣ ጀርባህን እንዴት አደረገህ?» አሉ።

አማቴ ቀና አሉ። የዳማውን አንገት በሁለት እጃቸው ጎትተው ከጭዱ ነቀሉት፤ አዞሩት። ወደ ኋላ አይደለም፤ ወደ ዳር ወጡ፤ ኮብልስቶን ወደተነጠፈው መንገድ። «ጫኔ! ጭድህን ከጨረስህ ና!» አሉ።

ያንን ሁሉ ስለፋ ከርሜ፣ ለስላሳ ሳነጥፍ ከርሜ፣ ሰውዬውን በከተማው ካለው መሬት ሁሉ በክፉው ላይ ሰደድኋቸው። አያ ጫኔም ኩራታቸው አላስቀመጣቸውም፤ አምባላዩን ነቅለው ፊት ፊታቸው በረሩ። አማቴ በተራቸው አሳዳጅ ሆኑ። ባጃጁ ወደየጥጉ ተበተነ። ኮቴው ድንጋዩን ሲመታ ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። እኔ ከኋላ እጆቼን ዘርግቼ እሮጣለሁ፤ ቢወድቁ ልቀልባቸው! «አባቴ! ኧረ ያዳልጣል! ኧረ ስለ ወላዲተ አምላክ!» እያልሁ እሮጣለሁ። አማቴ ከእርካባቸው ብድግ አሉ፤ ዘንጋቸው ተወረወረ፤ አያ ጫኔ ጋሻቸውን ወደ ኋላ ሳያዞሩ ጀርባቸው መሐል አረፈ። መንገዱ በእልልታ ተናጋ።

እሱን እንዳየሁ እኔ ወደቅሁ። ማንም አልነካኝም፤ ምንም አላደናቀፈኝም። ሁለቱ ፈረሶች ሳያዳልጣቸው ባለፉበት ድንጋይ ላይ፣ በሁለት እግሬ እየሮጥሁ ተንሸራትቼ፣ እጄ ከሥሬ ሆኖ ቀጭ አለ።

አማቴ ተመልሰው ወረዱ። አያ ጫኔም ጀርባቸውን እያሻሹ ወረዱ። ሁለት ሽማግሎች አንድ ጎልማሳ ተሸክመው ዳማው ላይ ሰቀሉኝ። ይህን ሁሉ ሳወራችሁ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ፤ እኔ በዕድሜዬ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

አማች አማቱን በእግር አስኪዶ እሱ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ በኛ አገር ታይቶ አይታወቅም። ሰው ሁሉ ከመንገድ እየወጣ ያየናል። «ኧረ እባክዎ፣ እርስዎ ይውጡ፤ እኔ በእግሬ ልሂድ» አልሁ። ዓይኔ ግን መሬቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል፤ ሩቅ ነው፤ ድንጋይ ነው፤ ያዞራል።

«ዝም በል» አሉ ልጓሙን እየሳቡ። ምርኩዝ አልያዙም፤ ያነክሳሉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። «መሬቱን አትይ። በሁለቱ ጆሮዎቹ መሐል አሻግረህ እይ።»

አሻግሬ አየሁ። በጆሮዎቹ መሐል ስንዱ በራችን ላይ ቆማለች።

አባቷን ከጥምጣማቸው እስከ ጫማቸው አየቻቸው። ትከሻቸውን ዳሰሰች፤ ክርናቸውን ዳሰሰች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ዳሰሰች። ስትጨርስ ትንፋሿን ለቀቀችና ወደ እኔ ቀና አለች።

«አንተን ደግሞ ማን ጣለህ?»

በእግሬ ስሄድ ወደቅሁ ተብሎ ለሚስት እንዴት ይነገራል?

«ዳማው» አልኋት።

አማቴ ልጓሙን እንደያዙ ወደ ፈረሱ ጠጋ ብለው አንገቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉትና፣

«ይቅር በለው፣ ልጄ» አሉት።